እትዬ ፋንታነሽ የቀየሩት ቀን

እትዬ ፋንታነሽ ኮምፒውተራቸውን በጠበል ነው ያስነሡት የሚል ወሬ ቢቸና ውስጥ ዛሬም አለ። ውሸት ነው። እኔ እዚያው ነበርሁ። ጠበል ቀርቶ የሚጠጣ ውኃ እንኳ አጠገቡ እንዲደርስ አይፈቅዱም፤ አንድ ቀን የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ብገባ ከበር መልሰውኛል። ሰዎች ወሬውን ያወጡት አንዲት የድሮ ታይፒስት አስባ ችግር ፈታች ማለት ስለከበዳቸው ነው። ስለዚህ እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ። እንደሰማሁት የምለው ዓይነ ስውር ስለሆንሁ ነው። ያየ ሰው ከአንተ የተሻለ ይነግረናል ብላችሁ ግን አትድከሙ፤ ያዩት ናቸው ጠበል ያሉት።

ጽሕፈት ቤታቸው ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባባት አንዲት ክፍል። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣሉ፣ የሠርግ ጥሪ ያትማሉ። ከሞጣ ሲመጡ የያዙት አንድ የጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተር ከገዙ በኋላም ጣታቸው ልማዱን አልተወም። ቁልፎቹን የሚመቱት በኃይል ስለሆነ በዓመት ሁለት ኪቦርድ ይጨርሳሉ። መስመር ባለቀ ቁጥር ግራ እጃቸው ሳያስቡት ተነሥቶ የሌለ የመስመር መመለሻ ሊገፋ ይሞክራል ብለው ሰዎች ነግረውኛል። እኔ የማውቀው በየመስመሩ መጨረሻ አምባራቸው ሲንኳኳ ነው።

ቁጡ ናቸው። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣን ሰው እንደ ዳኛ ያፋጥጡታል። “ከመቼ ጀምሮ ነው የተበደልኸው? ባለፈው ሰሞን የሚባል ቀን የለም። አስበህ ና!” ይሉታል፤ ሰውየውም ደረጃው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥራል። ቀኑ ሳይስተካከል አንዲት ወረቀት ከእጃቸው አትወጣም።

ይህ የቀን ነገር ከሞጣ ይዘውት የመጡት ቁስል ነው፤ ታሪኩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1986 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ወልደ ኪዳን የሚባል የገጠር ወጣት ለሥልጠና ተመርጦ ነበር፤ ሥልጠናውን ሲጨርስ ቋሚ ሥራ ይጠብቀዋል። የጥሪው ወረቀት በእንግሊዝኛ መጣ፤ ቀኑ ጁን 20 ይላል። እትዬ ፋንታነሽ ጁንን ሰኔ፣ ሃያን ሃያ አድርገው ሰኔ 20 ብለው ጻፉለት። በእኛ አቆጣጠር ግን ዕለቱ ሰኔ 13 ነበር። ወልደ ኪዳን የሰው ኮት ተውሶ፣ ጭቃውን አቋርጦ፣ ሰባት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ስሙ ተሰርዞ በምትኩ ሌላ ሰው ገብቷል። ጠረጴዛቸው ፊት ቆመና፣ “እኔ ያነበብሁት እርስዎ የጻፉትን ነው” አላቸው። አልጮኸባቸውም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ሌላ ታይፒስት ስላልነበረ ደብዳቤውን የጻፉትም ራሳቸው ናቸው።

በዓመቱ ሥራውን ለቀው ቢቸና ገቡ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ቀን ቤታቸው አልገባም። ኮምፒውተር ሲገዙም የመጀመሪያ ሥራቸው ቀኑንና ሰዓቱን ወደኛው መመለስ ነበር። “ያለው ቢቸና፣ የሚጽፈው ለቢቸና ሰው፤ የማንን ቀን ሊቆጥር ኖሯል?” አሉ። መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ እያሉ ሞሉለት። ኮምፒውተሩ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል እያለ ስላስቸገራቸው በየዓመቱ የጥቅምትን መጨረሻ በብዕር ይጽፋሉ። ጳጉሜንን ጭራሽ አልቀበልም ስላላቸው በእነዚያ ቀናት ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው። ለዕረፍት ነው ይላሉ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ስሜ የኔሰው ይባላል። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ኩፍኝ ዓይኔን ወሰደው፤ ያደግሁትም ደብረ ወርቅ፣ ቅኔ ቤት ነው። እዚያ ትምህርት በጆሮ ስለሆነ ከማንም አላንስም ነበር። አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም ብዬ አልኮራም፤ ሁለት ጊዜ የሰማሁት ግን አይጠፋኝም። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ዘመናዊ ትምህርት አማረኝና ቢቸና መጣሁ፤ ክፍል እየዘለልሁ በ2001 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል ደረስሁ። ቀለቤን የሚችለው ገበሬው ወንድሜ ፈረደ ነው። አራት ልጆች አሉት። መስከረም ላይ እጄን ይዞ፣ “የኔሰው፣ ዘንድሮ ፈተናውን ካለፍህ እሰየው፤ ካላለፍህ ግን ወደ ደብረ ወርቅ ትመለሳለህ። ከዚህ በላይ አልችልም” አለኝ። አልፈረድሁበትም። መመለሱን ግን አልፈለግሁም፤ ከልቤ አልፈለግሁም።

ችግሩ መጽሐፍ ነበር። በጣት የሚነበብ መጽሐፍ ለእኔ የሚሆን በከተማው አልነበረም። የረዳችኝ ሲስተር ሳባ ናት። ሲስተር ሳባ ከድሬዳዋ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያው ነርስ ስትሆን የምንከራየው አንድ ግቢ ነው። “አንቱ አትበለኝ፣ ታስረጀኛለህ” ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። ተረኛ ባልሆነችባቸው ሰዓቶች መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነበበች በስልኳ ትቀዳልኝ ጀመር። አራት ወር ፈጀባት። ሠላሳ አንድ ቅጂ ሆነ። አንዲት ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ነበረችኝ፤ ቅጂዎቹን በኋላ ወደ ፍላሽ እናወጣቸዋለን፣ እስከ ሐምሌ አለሁ ትለኝ ነበር።

ከፈተናው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 17 ቀን ሰኞ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ዝውውር መጣላት። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት የጤና ጣቢያው መኪና ወደ ደጀን ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ድሬዳዋ ናት። ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ አለቀሰች። እኔም ደስ ብሎኛል አልሁ፤ ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ሠላሳ አንዱን ቅጂ ነበር የሚያስበው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ወር የተነበበውን እንደገና የሚያነብልኝ ሰው ከየት አገኛለሁ?

ስልኳን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ መሰኪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቻርጅ የሚደረገው እንኳ ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ነው። ሜሞሪ ካርድም አይቀበልም። የቀረው መንገድ ብሉቱዝ ነበር። የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ስልክ ብሉቱዝ ስላለው ሰኞውኑ ሞከርንበት፤ ሁለተኛውን ቅጂ ሳይጨርስ ሞልቻለሁ አለ። ከዚያ የቀሩት እትዬ ፋንታነሽ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰዎችን የሠርግ ፎቶ ከስልክ ለመቀበል ብለው ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ አስመጥተው ጥፍር የምታህል ብሉቱዝ አስገጥመው ነበር።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከሲስተር ሳባ ጋር ደረጃውን ወጣን። ጉዳዩን ስንነግራቸው እትዬ ፋንታነሽ ጽሑፋቸውን አላቋረጡም፤ መስመሩን ጨረሱና አምባራቸው ተንኳኳ።

“ይቺማ ምን አላት? ተቀመጡ” አሉ።

ፕሮግራሙን ከፈቱት። ኮምፒውተሩ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ደረቅ ያለ “ዶንግ” ሰማሁ። እትዬ ፋንታነሽ የወጣውን እንግሊዝኛ በፊደል ቆጥረው አነበቡት፤ ሲስተር ሳባ ተረጎመችው። ፕሮግራሙ ችግር ስለገጠመው ይዘጋል ይላል።

“ሳይከፈት እንዴት ይዘጋል?” ብለው ደገሙት። ዶንግ። አጥፍተው አበሩት። ዶንግ። ብሉቱዟን ከፊት ነቅለው ከኋላ ሰኩት። ዶንግ። ፕሮግራሙን አጥፍተው ኃይለ ጊዮርጊስ ከተወላቸው ሲዲ እንደገና ጫኑት፤ እየተጫነ ሳለ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ተጫነ። ከፈቱት። ዶንግ።

ያንን ድምፅ እስከዛሬ እጠላዋለሁ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ጋ ስልክ ደወሉ። ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። “እማማ፣ ምንም አይንኩ። ፎርማት ነው የሚደረገው፣ ቅዳሜ መጥቼ እሠራዋለሁ” አለ።

“ልጄ፣ የምፈልገው ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።”

“አይሆንም እማማ። ይሄ ለእርስዎ ከባድ ነው።”

እትዬ ፋንታነሽ ያኔ ገና አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ስልኩን ዘጉና፣ “እማማ እናቱን ይበል!” አሉ።

ሲስተር ሳባ ዕቃ ለማስረከብ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች፤ ስልኳን እኛ ጋ ተወችው። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከውጭ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እሰማለሁ፤ ውስጤ ግን ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደውን መንገድ እየሄደ ነበር። በመጨረሻ፣ “እትዬ፣ ይተዉት። እግዚአብሔር ያለው ይሆናል” አልሁ።

“እግዚአብሔርን እዚህ ውስጥ አታስገባው! ይህን ፕሮግራም የሠራው ሰው ነው፤ ሰው የሠራውን ሰው ይደርስበታል” ብለው ጮኹብኝ። እንግዲህ ጠበል ያላችሁ ሰዎች ይህን ስሙ።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ወረቀት ሲስቡ ሰማሁ። በብዕር መጻፍ ጀመሩ። “ምን እየጻፉ ነው?” ብላቸው፣ “መዝገብ” አሉኝ። ሞጣ ሳሉ ታይፕ ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው በታመመ ቁጥር ገቢና ወጪ ደብዳቤ ይመዘግቡ ነበር።

“ስማኝ የኔሰው። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲጠፋ ማንም እየተነሣ ሣጥን አይገለብጥም። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ በመጨረሻ የታየው መቼ ነው? በማን እጅ ነበር? ከዚያ በኋላ ማን ነካው? ይኸው ነው። ጠይቀኝ።”

“ብሉቱዙ በመጨረሻ የሠራው መቼ ነው?”

“ግንቦት 3። ኃይለ ጊዮርጊስ ፊቴ አንድ ፎቶ አስገብቶ አሳይቶኛል። ጻፍሁት።”

“ከዚያ በኋላ ማን ነካው?”

“ብሉቱዙን? ማንም። ዛሬ ነው የከፈትሁት።”

“ኮምፒውተሩንስ?”

“ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል? ማመልከቻ ጻፍሁ፣ የሠርግ ጥሪ አተምሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።”

የጻፏቸው ማመልከቻዎች ብሉቱዝ ሊያበላሹ አይችሉም። ስለዚህ ቀጣዩን የመዝገብ ቤት ሥራ ሠሩ፤ ሣጥኑን በቀን ተራ ማየት። የፕሮግራሙን ዕቃዎች የያዘውን ፎልደር ከፈቱና በቀን እንዲደረደሩ አደረጉ። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

“ሁለት ሺህ ስምንት። ሁለት ሺህ ስምንት። ይሄም ስምንት። ኃይለ ጊዮርጊስ የጫነ ዕለት የተጻፈው ደግሞ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይላል።” ከዚያ የራሳቸውን ደብዳቤዎች ከፈቱ። “የእኔ ሁለት ሺህ አንድ።” ወደ ፕሮግራሙ ፎልደር ተመለሱ። “እነዚህማ ገና ያልተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው።”

“እንዴት?” አልሁ።

“አንድ ደብዳቤ ዛሬ እጄ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ ቀን ቢኖርበት መዝገብ ቤት ምን ያደርገዋል?”

“እንጃ።”

“ይመልሰዋል። ቁጥር አይሰጠውም። ገና ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይደርሳል?” ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። “ይሄ ፕሮግራም ሲነሣ ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሺህ አንድ ይለዋል። እሱ ራሱን ሲያይ ደግሞ የተሠራው በሁለት ሺህ ስምንት ነው። አልተወለድሁም ብሎ ይወድቃል።”

“ኃይለ ጊዮርጊስ ሲጭነውስ እንዴት ሠራ?”

“እሱ ሲጭን ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለውጦት ነበር” አሉ። “እሱ እንደ ሄደ አየሁና፣ ይህ ልጅ ስምንት ዓመት አስረጅቶኝ ሄደ ብዬ መለስሁት። ደግሞ እኮ ምንም አላደረግሁም አልሁህ! ቀን ማስተካከል ለእኔ ሥራ አይደለማ፤ ፊት እንደ መታጠብ ነው።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ፤ ምንም አልሆነም። የእትዬ ፋንታነሽ እጅ ቆመ። በማውቃቸው አራት ዓመት ውስጥ እጃቸው ሲቆም ሰምቼ አላውቅም። ቁልፍ የለ፣ አምባር የለ፣ ወረቀት የለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ሲረግጥ ይሰማኛል። ሲስተር ሳባ ተመልሳ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

“የፈረንጅ ቀን እዚህ ቤት አይገባም ብዬ ነበር” አሉ በመጨረሻ።

እለምናቸው ዘንድ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

“ወልደ ኪዳን የቀረው በእኔ ቀን ምክንያት ነው። ሁለተኛ ሰው አይቀርብኝም” አሉና ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

“እትዬ፣ ዛሬ በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ከስልኬ ልይልዎ?” አለች ሲስተር ሳባ።

“ሜይ ሃያ ስድስት፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ” አሉ ቀና ሳይሉ። ሲስተር ሳባ ስልኳን አየች፤ ትክክል ነው። በኋላ ስጠይቃቸው ያን ጊዜ ብቻ አስልተው እንዳላገኙት ነገሩኝ። ከሞጣው ሰኔ ጀምሮ የፈረንጁን ቀን በየማለዳው በልባቸው ያሰሉት ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ። ቤታቸው አላስገቡትም እንጂ ደጅ ላይ መቆሙን ያውቁ ነበር።

ቀኑን ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ፕሮግራሙን ከፈቱት። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ። ዶንግ ሊል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። አላለም። ሌላ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ፣ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሰምቼው የማላውቀው።

“ተከፈተ!” አሉ እትዬ ፋንታነሽ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። “ተከፈተ እኮ! አንተ የኔሰው፣ ተከፈተ!”

ሲስተር ሳባ እልል አለች። ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ መጣ፤ መንገደኛም ገባ። ጽሕፈት ቤቱ በሰው ሞላ፤ ምን ተገኘ ሲሉ ማንም የሚያስረዳቸው አልነበረም፤ እኔ እያለቀስሁ እሥቃለሁ፣ እትዬ ፋንታነሽ ደግሞ፣ “ከኮምፒውተሩ ራቁ! እንዳትነኩት!” እያሉ ይጮኻሉ። የጠበሉ ወሬ የተወለደው ያኔ ይመስለኛል።

ስልኩና ኮምፒውተሩ ተዋወቁ፤ ቅጂዎቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። እትዬ ፋንታነሽ እያንዳንዱ ሲያልቅ በደብዳቤ ወግ ይመዘግቡታል። “ገቢ ቁጥር አንድ። ሥነ ዜጋ፣ ምዕራፍ አንድ። ገቢ ቁጥር ሁለት።” እኔ በልቤ መብራት እንዳይጠፋ እለምናለሁ። አሥር ደረሰ። ሃያ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሁለት ነበርን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሰማን። ሃያ ሰባት።

ሾፌሩ ደረጃውን ወጥቶ ገባ። “ሲስተር፣ ደጀን ሳይመሽ መድረስ አለብኝ” አለ።

“ቁጭ በል” አሉት እትዬ ፋንታነሽ።

“እትዬ፣ መኪናው የመንግሥት ነው፤ ሰዓት ...”

“ልጁም የመንግሥት ፈተና ነው ያለበት። ቁጭ በል አልሁ!”

ተቀመጠ። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ሠላሳ አንደኛው ሲጀምር ሾፌሩ ተነሣ፤ ከዚህ በላይ ከዘገየሁ ሥራዬን አጣለሁ አለ። ሰው ሥራውን ያጣል ሲባል እትዬ ፋንታነሽ ቁጭ በል ማለታቸውን ተዉ። ሲስተር ሳባ ስልኳን አነሣች። አቀፈችኝ፤ አንገቷ የሕክምና ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። “የቀረው የኅብረተሰብ ትምህርት መጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ስለ ምድር መዞርና ስለ ሰዓት። መጽሐፉን አምጥቼ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። እንዳትወድቅ፣ እገልሃለሁ” አለችኝ። መኪናው ሲሄድ ድምፁ እስኪጠፋ ደረጃው ላይ ቆምሁ።

ስመለስ እትዬ ፋንታነሽ መጽሐፉን ሲያገላብጡ ሰማሁ። “ይቺን አንዷን እኔ አነብልሃለሁ” አሉ። የኮምፒውተሩን ማይክሮፎን ወደ አፋቸው አስጠግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

“ምዕራፍ ሰባት አራት ነጥብ። ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ትዞራለች ነጠላ ሰረዝ በዚህም ምክንያት ሌሊትና ቀን ይፈራረቃሉ አራት ነጥብ።”

“እትዬ፣ ነጥቡን አይንገሩኝ፤ ዝም ብለው ያንብቡት” አልሁ።

“ነጥብ የሌለው ጽሑፍ ከእኔ አይወጣም። ዝም በል፣ እየቀዳ ነው።”

ይኸም እዚያው ውስጥ ተቀድቷል። እንደዚያው እያሉ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበቡት። የዓለም አገሮች ሰዓት እንደሚለያይ የሚናገረው ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ። “ስለዚህ ሰዎች በዓለም ላይ የሚጠቀሙበት የቀን አቆጣጠር የተለያየ በመሆኑ ነጠላ ሰረዝ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚለወጥበት ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል አራት ነጥብ። ... ይህን መጽሐፍ በሰማንያ ስድስት የት ደብቀውት ነበር?” አሉ። ይኸም ተቀድቷል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ኖርሁ። ሠላሳውን በሲስተር ሳባ ድምፅ፣ አንዷን በእትዬ ፋንታነሽ ቁጣ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ አይደለም፣ አምስትና ስድስት ጊዜ። ኃይለ ጊዮርጊስ እንዳለው በዚያው ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያደርግ መጣ። እትዬ ፋንታነሽ ብሉቱዙን ከፍተው አሳዩትና መዝገባቸውን ሰጡት። አንብቦ ሲጨርስ፣ “እትዬ፣ ይቺን ወረቀት ኮፒ ላድርጋት?” ብሎ ጠየቀ። እማማ ማለቱን ያን ቀን ተወ።

ፈተናው ሰኔ ውስጥ ተሰጠ። ጥያቄውን የሚያነብልኝና መልሴን የሚያጠቁርልኝ አንድ መምህር መደቡልኝ። በኅብረተሰብ ትምህርት ላይ፣ ምድር አሥራ አምስት ዲግሪ ለመዞር ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል የሚል ጥያቄ መጣ። አማራጮቹን ሳይጨርስልኝ፣ “አንድ ሰዓት አራት ነጥብ” አልሁት።

“አራት ነጥብ የሚል አማራጭ የለም” አለ መምህሩ ግራ ተጋብቶ። እኔ ሣቄን መያዝ አቃተኝ፤ ፈተና ላይ በመሣቄ ሊያስወጡኝ ነበር።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ መጣ። ዘጠና ሁለት ከመቶ። ከትምህርት ቤቱ ሦስተኛ። ፈረደ ከደብረ ወርቅ በእግሩ መጣ፤ እጄን እንደ መስከረሙ ይዞ፣ “እንግዲህ ዘጠነኛን ማን ከለከለህ” አለኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ፋንታነሽ ሄድሁ። ደረጃውን ስወጣ ቁልፎቹ እንደ በረዶ ይወርዱ ነበር። ኮምፒውተሩ ከግንቦት ጀምሮ በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው፤ እሳቸው ግን በየማለዳው የኛን ቀን በትልቁ በወረቀት ላይ ጽፈው ከስክሪኑ በላይ ይለጥፋሉ። የዚያን ቀኑን ወረቀት በጣቴ ስነካው ማጣበቂያው ገና እርጥብ ነበር።

“ዘጠና ሁለት” አልኋቸው።

“ሰምቻለሁ፤ ከተማው ሁሉ ነግሮኛል” አሉ፤ ጽሑፋቸውን ግን አላቋረጡም። “ከእኔ ምዕራፍ ስንት ጥያቄ መጣ?”

“ሦስት።”

“ስንቱን አገኘህ?”

“ሦስቱንም።”

እጃቸው ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜ መቆሙ ነው።

“አንዷን ለወልደ ኪዳን ቁጠራት” አሉ።

“ቆጠርኋት፣ እትዬ።”

አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ፤ መስመሩ ሲያልቅ አምባራቸው ተንኳኳ።